ቀኑ ሳያልፍ መብታችንን እንወቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገችው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 የዛሬው ጉዳያችን እንደ ወትሮው ስለ ጥበቃና ስለ ፍሳሽ ቦይ አይደለም። ስለ ሥራ ሕግና ስለ ቤተሰብ ሕግ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ደመወዝ የሚገኘው በሥራ ቦታ ነው፤ የሚበላው ግን ቤት ነው። አንዱ ሲናጋ ሌላውም ይናጋል።

እንደምታውቁት እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። «ይቺ ደሞ ምን ልትነግረን ነው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አዋጆቹን የሚያውቅ ሰው አስነብቤ፣ ያልገባኝን ደጋግሜ ጠይቄ፣ የገባኝን በደብተሬ ጽፌአለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁም እሱን ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. በአንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስት ወር ሲሞላኝ አለቃው ጠራኝና «አሁን ከብደሻል፤ ቤትሽ ዕረፊ፤ ስትወልጂ እንጠራሻለን» አለኝ። ወረቀት አልሰጠኝም። እኔም ደግ ሰው መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ። ወልጄ፣ አራስነቴን ጨርሼ ብሄድ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል። ሽማግሌ ላክን። መጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ» ተባለ፤ ቀጥሎ «ክረምቱ ይውጣና» ተባለ። በመጨረሻ ሕግ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ቀርቤ ሳስረዳ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከሥራ የወጣሽው መቼ ነው?» የሚል ሆነ። ብንቆጥር ዓመት አልፎታል። «እኅቴ፣ ሕጉ ካንቺ ጋር ነበር፤ ቀኑ ግን አልፎብሻል» አለኝ። ይኸ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በሀገራችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ውኃው ካለፈ በኋላ ቢጮሁ አይቆምም። እኔን የጎዳኝ የሕግ አለመኖር አልነበረም፤ ሕጉ የሰጠኝን ቀን አለማወቄ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

በመጀመሪያ ስለ ሥራ። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ ከለወጣቸውና ካጸናቸው ነገሮች ለቤታችን የሚጠቅሙት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሥራ ውል በቃልም ቢሆን ውል ነው። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌሎቹን ሁኔታዎች የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ደብዳቤው ባይሰጠውም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። እንግዲህ «ወረቀት የለኝም፣ ምን አፍ አለኝ» ብሎ ዝም ማለት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል ብቻ «ገና በሙከራ ላይ ነህ» እየተባሉ ዓመት መሥራት የለም።

ሦስተኛ፣ የወሊድ ፈቃድ። በፊት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር። አሁን ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን እንዳለ ሆኖ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል። ደመወዝ ይከፈልበታል። አባትም ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ያገኛል። ሦስት ቀን ምን ይሠራል የምትሉ ትኖራላችሁ። አጥሚት ለማሞቅና ውኃ ለመቅዳት ይበቃል፤ የወለደች ታውቀዋለች።

አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራ አትሰናበትም። ከእርግዝናውና ከወሊዱ ጋር ያልተያያዘ፣ ሕግ የሚቀበለው ምክንያት ካለ ግን ሌላ ነው። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳም በአዋጁ በግልጽ ተከልክሏል፤ የተደረገባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላለች፣ ካሣም ትጠይቃለች።

አምስተኛ፣ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ለተሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። በቀን አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል ይታሰባል።

አሁን የምናገረውን ግን ሌላውን ብትረሱ እንኳ እንዳትረሱት፤ ቀኑን ነው። ያለ አግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። ከሥራ መሰናበት የተነሣ የሚጠየቀውም ገንዘብ እንዲሁ 6 ወር ነው። ሕግ አዋቂዎች ይኸን «ይርጋ» ይሉታል። ሽማግሌ መላክ ባህላችን ነው፤ አልቃወምም። ዳሩ ግን ሽማግሌ ስለተላከ ብቻ ይርጋው አይቆምም። ሽማግሌው ቡና ሲጠጣ ቀኑ ይቆጠራል። ስለዚህ ሽማግሌውን ላኩ፤ ጎን ለጎን ማመልከቻውን አስገቡ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክስ የዳኝነት አይከፍልም፤ በገንዘብ ማጣት የሚቀር ሰው መኖር የለበትም።

የሥራ ውል ሲቋረጥ ደግሞ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል። የሥራ ልምድ ወረቀቱንም መጠየቅ መብቱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ስለ ቤተሰብ ነው። አባቶች፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ራስ ባል ነው ይል ነበር። አንደኛው የትዳር ጓደኛ ሌላው ከቤት ውጭ የሚሠራውን ሥራ «ለቤታችን አይበጅም» ብሎ ሊቃወም ይችል ነበር፤ በተግባር ሥራ የምትከለከለው ማን እንደነበረች እናውቃለን። ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ ትዳር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይኸን ለወጠው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት ያስተዳድራሉ። ሥራ የመከልከሉ ነገርም ቀረ። በአዲስ አበባ የሚሠራው ይኸ ሕግ ነው። ብዙዎቻችን ይኸን የሰማነው ዘግይተን ነው፤ አንዳንዶቻችን ዛሬም አልሰማንም።

በዚህ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ጊዜ በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ደመወዙ በእሱ ስም ይግባ፣ በእሷ ስም ይግባ፣ የጋራ ነው። እያንዳንዳቸው ደመወዛቸውን ተቀብለው በስማቸው በባንክ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ግን አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ገቢው መግለጽ አለበት። «የኔን ደመወዝ ምን አገባሽ» ማለት ከሕጉ ጋር አይሄድም። «የኔ የሽንኩርት ችርቻሮ ያንተ አይደለም» ማለትም እንዲሁ።

የጋራ ቤትን መሸጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣ ማስያዝ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሆንም። ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ማበደር እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው የዋስትና ጉዳይ ነው። ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የትዳር ጓደኛን ስምምነት ይጠይቃል።

ይኸን ለምን አነሣሁ? ዘመድ ሥራ ሲያገኝ «ዋስ አምጣ» ይባላል፤ ዘመዱ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም ይሉኝታ ይዞን እንፈርማለን። ከነዋሪዎቻችን አንዲት እናት በቅርቡ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዛ መጣች። ባሏ ለአክስቱ ልጅ የንብረት ክፍል ሥራ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። ልጁ ዕቃ አጉድሎ ጠፋ። እሷ ነገሩን የሰማችው መጥሪያው ሲመጣ ነው። ሕጉ እንደሚለው ስምምነቱን ያልሰጠው ወገን ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤቱ እንዲያፈርሰው መጠየቅ ይችላል። እሷ የመጣችው በወሯ ነው፤ ፊርማውም ዓመት ከመንፈቅ አልሞላውም። ማመልከቻዋን በጊዜው አስገብታለች። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም። ነገር ግን እኔ ያጣሁትን ቀን እሷ አላጣችውም፤ እኔን ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ባልየውንም አልኮንነውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አክስቱን እንቢ ማለት ከብዶት ነው። ሕጉን ቢያውቅ ኖሮ ግን «ባለቤቴን ላማክር» ብሎ በክብር ማለፍ ይችል ነበር። ሕግ እንዲህም ያግዛል።

በሰማንያ ወይም በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በባህል የተጋባችሁ ሁሉ ጋብቻችሁን በ30 ቀን ውስጥ፣ የልጅን ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ሞትን በ30 ቀን ውስጥ በወረዳ አስመዝግቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሠራበት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ሠራተኛው ሲሞት ሚስትና ልጆች ያንን ለመጠየቅ ሚስትነታቸውንና ልጅነታቸውን ማስረዳት ይኖርባቸዋል። በለቅሶ ላይ ምስክር ፍለጋ መሯሯጥ ከባድ ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩም ሕጉ ዝም አላለም፤ አብረው ከ3 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል።

ትዳር ሲፈርስም ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ይሞክራሉ እንጂ አያፋቱም። ማንም ሰው «ሽማግሌ አፋቶናል» ተብሎ ከቤት አይወጣም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እስካሁን ስንናገር አሠሪ ማለት ሌላ ሰው ይመስለን ነበር። በየቤታችን ግን ሠራተኞች አሉ። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞችን በቀጥታ አይሸፍንም፤ የሥራ ሁኔታቸው በደንብ እንዲወሰን ይላል። ይኸ ማለት ግን ሕግ የላቸውም ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አብራው የምትኖር ሠራተኛ ያለችው ሰው በመኝታዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ጤንነቷንና ክብሯን እንዲጠብቅ ያዛል። «የዚህን ወር ሲሞላ እሰጥሻለሁ» እያልን ስድስት ወር የያዝን ካለን ዛሬ ማታ እንክፈል። እኔን ያ አለቃ ያደረገኝን እኔ በሌላዋ ልጅ ላይ ካደረግሁት ይኸ ሁሉ ንግግር ከንቱ ነው።

የማኅበራችንም ጥበቃዎች እስከ ዛሬ በቃል ነው የሚሠሩት። ሰው ከመምከር ራስን ማረም ይቀድማልና ኮሚቴው ከዚህ ወር ጀምሮ ውላቸው በጽሑፍ እንዲሆንና የዓመት ፈቃዳቸው እንዲጠበቅ ወስኗል።

ለማጠቃለል ያህል ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የተቀጠራችሁበትን፣ የተከፈላችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን በደብተር ጻፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ቤታችሁን አማክሩ። ችግር ሲደርስ በዚያው ሳምንት ተናገሩ። የወረዳውና የክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ፍርድ ቤት አለ፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። መንገዱ የጠፋበት ወደ ማኅበራችን ቢሮ ይምጣ፤ ማመልከቻ ማጻፍ ላልቻለ እኔ እጽፍለታለሁ። ፊደሌ ጎበጥ ይላል እንጂ ይነበባል።

ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት። ነገ ተነገ ወዲያ እሷም ትቀጠራለች፤ ታገባለች፤ ትወልዳለች። «ዕረፊ፣ እንጠራሻለን» ሲሏት አመስግና እንዳትወጣ አስተምሬያታለሁ። እናንተም ለልጆቻችሁ እንዲሁ አድርጉ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ቤቴል