ኬሚስትሪ፣ ኬክና የአባቴ ባና

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዳግም መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



የማኅበሩ ጸሐፊ ደውላ «ከምረቃ በኋላ ስለሠራኸው ሥራ ተናገር» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ከእኔ በፊት የተናገሩትን ሰምታችኋል። አንዱ ፋብሪካ ያስተዳድራል፤ አንዷ ሦስተኛ ዲግሪዋን ይዛ ተመልሳ እዚሁ ታስተምራለች። እኔ ሞላሌ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪ የለኝም። «ሌላስ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። «ቅዳሜና እሑድ ኬክ አስጌጣለሁ» አልኳት። ሳቋን ጨርሳ «እንግዲያው ስለሱ ተናገር» አለች። ስለዚህ ዛሬ ብትሰለቹ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ሞላሌን ለማታውቁ፦ በጣርማ በር ተገንጥላችሁ፣ መዘዞን አልፋችሁ፣ መሐል ሜዳ ሳትደርሱ የምታገኟት የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ናት። ገብስና በግ ያለበት፣ ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ የሚደርብበት ደጋ ነው። ያደግኩት ከከተማዋ ወጣ ካለ ገጠር ሲሆን ኬክ የሚባል ነገር በዓይኔ ያየሁት እዚህ ግቢ፣ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ነው። የአንዲት የክፍላችን ልጅ ልደት ነበር። ነጩ ክሬም ላይ ጽጌረዳ ተሠርቶበታል። ሌላው ሲበላ እኔ ጽጌረዳዋ በምን እንደተሠራች ሳይ ድርሻዬን ተነጠቅኩ። የበላብኝ ሰው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ራሱን ያውቃል።

ተመርቄ ሞላሌ ስመደብ ከደመወዜ ቆጥቤ አንዲት ትንሽ ኦቨን ገዛሁ። ከመርካቶ ደግሞ የክሬም መጭመቂያ ከረጢትና ጫፉ ላይ የሚገቡትን ቆርቆሮዎች አስመጣሁ። ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው።

አባቴ እኔን ለማስተማር በግ ሸጠዋል። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። «ኬሚስትሪ» ሲባሉ መድኃኒት የሚቀመምበት ትምህርት መስሏቸው ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው» ብለው ነበር። መምህር ስሆን ያንን ቻሉት። ኬኩ ግን ከበዳቸው።

በእኛ አገር «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ወንድ ሙያ አለው ሲባል እውቀት፣ ሥራ፣ ደመወዝ ማለት ነው። ሴት ባለሙያ ናት ሲባል ወጧ፣ ጠላዋ፣ ዳቦዋ ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያው ተልኬ በሁለተኛው ተገኘሁ። እናቴ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው? ሰው ምን ይለናል?» አለች። አባባ ለብዙ ሳምንት ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይከብዳል። በመጨረሻ እኔው ጀመርኩት።

«አባባ፣ እርስዎስ የእርሻው ሥራ ሲላላ ባና ይሠሩ የለም? ጫፉ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር የሚያስገቡበት ለምንድን ነው? ያለ መስመሩስ አይለበስም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ባናው ብርድ ይከላከላል። ያንተ ምን ይከላከላል?»

መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ ልግባ። የመጀመሪያው ኬኬ ኦቨኑ ውስጥ እንደ ተራራ ተነሣ፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ መሐሉ ሰመጠ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ሲሰምጥ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ትዝ አለኝ። የጋዝ ሕጎችን ያስተማሩኝ መምህሬ እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ያኔ ፈተና ላይ የሳትኩትን ጥያቄ በኦቨን መለስኩት፣ ጋሼ። ሞላሌ ያለችበት ከፍታ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ የሚጫነው ግፊት ስለሚያንስ ከመጠን በላይ ይነፋል። ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳና ኬኩ ይወድቃል። የምግብ አሠራሩን የጻፈው ሰው ምናልባት ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ይሆናል የጻፈው፤ መንዝን አያውቅም።

ስለዚህ የላብራቶሪ ደብተር ከፈትኩ። እውነቴን ነው፤ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት እያልኩ። ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ ያህል ቀነስኩ፣ ስኳሩን ትንሽ ቀነስኩ፣ ፈሳሹን ጨመርኩ፣ የኦቨኑን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ አደረግኩ። በ9ኛው ሙከራ ኬኩ ተነሥቶ ቆመ። ቅዝቃዜው ደግሞ የራሱ ፈተና ነበር። ለክሬሙ የሚሆነው ቅቤ በእኛ አገር አየር ድንጋይ ነው፤ አይመታም። አንድ ሌሊት በጋቢ ጠቅልዬው አብሬው አደርኩ። ጠዋት ቅቤው ለስልሶ ነበር። ጋቢዬም አብሮ ለስልሶ ነበር።

ትልቁ ጥፋቴ ግን የሚያስቅ አይደለም። እህቴ ስትመረቅ ቤታችን ድግስ ተደገሰ። ጊዜው የሰኔ ጾም ነበር። ጾሙ ሐምሌ 5 እስኪፈታ ድረስ በእኛ ቤት እንቁላልም፣ ቅቤም፣ ወተትም አይነካም። ኬኩን በዘይት ሠራሁት፤ እንዲነሣም ሶዳና ኮምጣጤ አደረግኩበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጋዝ ይወጣልና። ለላዩ የተጠቀምኩት የክሬም ዱቄት ማሸጊያው ላይ ከአትክልት ስብ የተሠራ ነው ይላል። ስሟን በሚያምር ጽሕፈት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የንስሐ አባታችን መጡ፣ እንግዳው ተቀመጠ። ማጀት ገብቼ ባዶውን ማሸጊያ ልጥል ሳነሣ ከኋላው በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። «ሶዲየም ካዜይኔት» ይላል። ካዜይን ምን እንደሆነ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ የወተት ፕሮቲን ነው።

ወገኖቼ፣ በዚያ ቤት ያንን ቃል የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ዝም ብል እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ወጥቼ «ይቅርታ፣ ይሄ የጾም አይደለም፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። እህቴ አለቀሰች። እንግዳው የእናቴን ድፎ ዳቦ በላ። ኬኩን ጾም የማይመለከታቸው ሕፃናት ተረባረቡበት፤ እነሱ እስከ ዛሬ ያ ቀን እንዲደገም ይጠይቁኛል። ማታ አባባ ለእናቴ ቀስ ብለው «አፈረ፤ ግን አልደበቀም» ሲሉ ሰማሁ። ሌላ አልተናገሩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እህቴ ስታገባ «ወንድም ጋሼ፣ ኬኬን የምትሠራው አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ! ከከተማ እንዲገዛ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ሦስት ደርብ ልሠራ ተነሣሁ። በሠርጉ ዋዜማ ሁለቱ ደርብ ወጥቶ ሦስተኛው ኦቨን ውስጥ እንደገባ መብራት ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሊጡ ሊሞትብኝ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አምጣው» አለችኝ።

ብረት ድስቷን ጎልታ ከሥሩ ድንጋይ ደለደለች፤ ጣሳዬን በላዩ አስቀመጠች። ጭሱ እንዳይገባ የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ መረገችው። ከሥር የኩበት ፍም፣ ክዳኑ ላይም ፍም። ከላይም ከታችም እሳት፣ እንደ ድፎ ዳቦ ማለት ነው። ቴርሞሜትር የላት፣ ሰዓት አላየች። መዳፏን ወደ ክዳኑ እያስጠጋች ታዳምጣለች። «አሁን አውጣው» ስትለኝ አወጣሁት። ጠርዙ ትንሽ አሮ ነበር፤ ቆርጬ ጣልኩት። ውስጡ እኔ በኦቨን ከሠራኋቸው ሁለቱ የተሻለ ነበር። እኔ ደብተር ሙሉ ጽፌ የደረስኩበትን እናቴ በመዳፏ ታውቀው ኖሯል። ያን ሌሊት ወንድ ማጀት ምን እንደሚሠራ አልጠየቀችኝም። እንዲያውም «ነገ ደግሞ አሳይሃለሁ» አለች።

ለማስጌጡ ሰው ሁሉ ጽጌረዳ ነበር የጠበቀው። እኔ ግን የኬኩን ዙሪያ በአባባ ባና መስመር ሠራሁት፤ በነጭ ክሬምና በቸኮሌት። በማግስቱ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት አባባ ብቻቸውን መጥተው ኬኩ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በዙሪያው ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መስመሩን ይቆጥራሉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፣ በጣታቸውም አመለከቱኝ።

«እዚህ ላይ አንድ ነጭ ዘለሃል።»

ቆጠርኩት። ልክ ናቸው፤ አንድ ነጭ ዘልያለሁ። ከረጢቱን አምጥቼ እዚያው አሟላሁት፣ እሳቸው እያዩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። በሕይወቴ ብዙ ማርክ ተሰጥቶኛል፣ አንዳንዱንም እዚህ ያላችሁ ናችሁ የሰጣችሁኝ፤ እንደዚያ የሚከብድ ግን አልተሰጠኝም።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። «ተው» ይሉኝ የነበሩት ሁሉ አሁን «ሽጠው» ይሉኛል። አጎቴ ቤት ሊያከራየኝ ነው፣ የእናቴ ማኅበርተኞች ስም ሳይቀር አውጥተውለታል። «የመምህር ደመወዝ ምን አላት? ኬክ ቤት ክፈት!» እውነታቸውን ነው፣ ገንዘቡ ያስፈልገኛል። የመምህር ኑሮ እዚህ ላላችሁት አይነገራችሁም። ግን አልከፈትኩም። የዱቄቱንና የስኳሩን ብቻ ተቀብዬ ለሚጠይቀኝ እሠራለሁ። ብዙዎች ስንፍና ይመስላቸዋል።

ምክንያቴ ይሄ ነው። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሌላ ሰው ተስፋ ተሸክሜ ነው የኖርኩት። ተስፋው ባይኖር እዚህ አልደርስም ነበር፤ አላማርርም። ግን ያለ ፍርሃት የምሳሳትበት አንድም ቦታ አልነበረኝም። ፈተና ላይ መሳሳት በግ ያስከፍላል። ኬኩ ላይ ግን ስምንት ጊዜ ወድቄ ዘጠነኛውን ሞከርኩ፤ ማንም ዋጋ አልከፈለም። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪዬ ሲሳሳት አሁን የማልቆጣው ከዚያ ስለተማርኩ ነው። «ደብተርህ ላይ ጻፈውና ድገመው» እለዋለሁ። ለአባባ ጥያቄ ያለኝ መልስ ይሄ ብቻ ነው፤ አልነገርኳቸውም።

መምህሮቻችን፣ ከእናንተ የተማርኩት ቀመሩን ብቻ አይደለም፤ «ለምን ወደቀ?» ብሎ መጠየቅንና ያገኙትን ሳይደብቁ መጻፍን ነው። ጓደኞቼ፣ እናንተም ዲግሪያችሁ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ካላችሁ፣ በሚቀጥለው መገናኛ ይዛችሁት ኑ።

ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን የልጅ ልጁን ክርስትና ሊያነሣ ነው። አባባ እጁን ይዘው ቤቴ አመጡት። «ያንን ዳቦህን ሥራለት» አሉኝ። ኬክ አይሉትም፤ እስከ ዛሬ «ዳቦህ» ነው የሚሉት። እኔም አላረምኳቸውም።

በነገራችን ላይ፣ መግቢያው አጠገብ ያለው ኬክ የእኔ ነው። ከሞላሌ ጭኜው የመጣሁት ሌሊት ነው። መዘዞ ላይ አንድ ጎኑ ተመታ፤ ያንን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። ስትቆርሱ ከዚያኛው ወገን ጀምሩልኝ።