ነፃው ማጠናከሪያ ትምህርት የልጆቻችን ሐቅ ነው
(በመስጊዳችን በተካሄደው የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ በነፃ ስለሚሰጠው ማጠናከሪያ ትምህርት ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ልጁ ሒሳብ ሲከብደው አስጠኚ ይቀጥርለታል። ጉልት የምትቸረችር እናትና የቀን ሥራ የሚሠራ አባት ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። ራሳቸው የመማር ዕድል ካላገኙ ደግሞ የልጃቸውን ደብተር ገልጠው ማረም ይቸግራቸዋል። እንግዲህ ሁለቱ ልጆች በአንድ ወንበር ቢቀመጡም ትምህርታቸው እኩል አይሆንም። ማጠናከሪያው ያስፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ክፍተቱም ቀላል አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አላለፉም። መንግሥት ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ላላቸው ሪሚዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን በ4ኛ ክፍል ያልገባ ክፍልፋይ 12ኛ ክፍል እስኪደረስ መጠበቅ የለበትም።

በሕዝብ ገንዘብ ልጆችን ማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ ከቁረይሽ ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ፣ ግን መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው እንዲለቀቁ ማድረጋቸውን የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ለሙስሊሞች ሊገባ የነበረው ገንዘብ ቀርቶ ልጆች ተማሩበት። አስተማሪዎቹ የእምነታችን ተከታዮች አለመሆናቸውም አላገደም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንዳንድ ወላጅ ልጁን ወደ ማጠናከሪያው ለመላክ ይሉኝታ ይይዘዋል። «ሰነፍ ይባልብኛል፤ ድሃ ነው ይሉናል» ይላል። ወገኖቼ! ይህ ሰደቃ አይደለም። ከገበያ ዕቃ ስንገዛ ታክስ እንከፍላለን፤ የመምህሩ ደመወዝ ከዚያው ከሕዝብ ገንዘብ ይወጣል። ሰው ሐቁን ሲወስድ አያፍርም።

ገንዘብ መመደቡ ብቻውን እንደማይበቃም የሌላ አገር ታሪክ ያስተምረናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው «ማንም ልጅ ወደኋላ አይቅር» የተባለው ሕግ፣ ውጤታቸው በተከታታይ ዝቅ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነፃ ማስጠናት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ በ2004/05 የትምህርት ዘመን ከተፈቀደላቸው ልጆች የተጠቀሙት ከ5ቱ 1 እንኳ አልሞሉም። ጉዳዩን የመረመረው የምክር ቤቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ከጠቀሳቸው ችግሮች መካከል ለወላጆች ማስታወቂያው በጊዜው አለመድረሱና ሰዓቱ ከልጆቹ ሌላ ጉዳይ ጋር መጋጨቱ ይገኙበታል። ሕጉ በ2015 በሌላ ተተካ።

የሰዓቱ ነገር እኛንም ይመለከታል። ማጠናከሪያው ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን፣ ልጆቻችን ቁርኣን የሚቀሩትም በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። ልጁ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ሲገደድ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ኡስታዙ ሲቆጣው ከመድረሳ፣ መምህሩ ሲቆጣው ከትምህርት ቤት ይሸሻል። ትምህርት ቤቱ ሰዓቱን የሚወስነው ለሁሉም ልጆች ነው። የመድረሳችን ሰዓት ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ቂርኣት ወደ ከሰዓት በኋላ፣ የሌሎቹ ቀናት ደግሞ ከመግሪብ እስከ ዒሻ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ለትንንሾቹ በምሽት መንገዱ ስለሚያሰጋ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ያድርሳቸው።

ወላጆችም ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ማጠናከሪያው እንዴት እንደሚሰጥ ጠይቁ። 60 ልጅ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ያንኑ ትምህርት ቢደግም ማጠናከሪያ አይባልም። የሚጠቅመው ልጆቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ ቀኑ ሳይቆራረጥ፣ ልጁ ካቆመበት ሲጀመር ነው። ክፍልና መምህር ካነሰ በወላጅና መምህር ኅብረት በኩል በአክብሮት ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሴት ልጆቻችሁን አትርሱ። ወንዱ ሊያጠና ሲሄድ እርሷ ውኃ ልትቀዳና ልትጋግር ከቀረች፣ በነፃ የተሰጠውን እኛው ከለከልናት ማለት ነው።

ኮሚቴያችን ርዕሰ መምህሩን አነጋግሮ የሁለቱን ቦታ ሰዓት በአንድ ወረቀት አውጥቶ በመስጊዱ በር ላይ ቢለጥፍ፣ ማንም ወላጅ አልሰማሁም አይልም።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ እኛንም አደራችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።