ቁራ ለምን ይጮኻል?

የምናገረው ከአሳይታ ነው። ዛሬ ከግቢያችን ስለማይጠፋው ወፍ፣ ስለ ቁራ እንነጋገራለን። ቃሉ አጭር ነው። ሁለት ፊደል ብቻ፤ ቁ፣ ራ። እስቲ አንድ ጊዜ በጣታችሁ መሬት ላይ ጻፉት።

እኔ ያደግሁት ወሎ፣ ደጋ ነው። የደጋው ቁራ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ለመምህርነት ወደ አፋር ስወርድ ግን ሌላ ቁራ አገኘሁ። ሁለመናው ጥቁር፣ ጅራቱ አጭር ነው። ሲበር ጅራት የሌለው ይመስላል። ግመል ጀርባ ላይ ቆሞ መዥገር ይለቅማል፤ ግመሉም ዝም ይለዋል። ከብት በሚታረድበት ቦታ ትራፊ ሥጋ ይበላል። እንቁላልና ጫጩትም ይሰርቃል፤ ይህን አልክድም። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ደግሞ አንገቱ ግራጫ የሆነ ቁራ ያያሉ። እሱ ከህንድ አገር በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው።

በማታው ክፍላችን አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት አሉ። ልጃቸው በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ለመግባት ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። ወሬው የለም። ጎረቤት «የቁራ መልእክተኛ ሆነ» ይላል። አባባሉ ከኖኅ ታሪክ የመጣ ነው። ኖኅ ውሃው መጉደሉን እንዲያይ ቁራን ላከው፤ ቁራም መልስ ይዞ አልመጣም። ርግብ ግን የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። እኚህ እናት ቁራ ደጃቸው ላይ በጮኸ ቁጥር «መርዶ ነው» እያሉ በድንጋይ ያባርሩት ነበር።

አንድ ማታ ይህን ሲናገሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሰሟቸው። «በቁርኣን ቁራ አስተማሪ ነው» አሉ። የአዳም ልጅ ወንድሙን ከገደለ በኋላ ሬሳውን የሚያደርግበት ጠፋው። አላህ ቁራ ላከ። ቁራው መሬት ጫረ። ሰው መቅበርን የተማረው ከዚያ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው መምህር የተባልሁት! እናትየው ግን ዝም አሉ። የመቃብር ወሬ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም።

እኔም ያነበብሁትን ነገርኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭምብል አጥልቀው ቁራዎችን ያዙ፤ መልሰውም ለቀቁ። ከዓመታት በኋላ እንኳ ያን ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሲያልፍ ቁራዎቹ ይጮኹበት ነበር።

«እትዬ፣ የርስዎም ቁራ ድንጋይዎን አውቆ ይሆናል የሚጮኸው። የልጅዎን ነገር እሱ ከየት ያውቃል?» አልኋቸው።

«እንዲያ ከሆነማ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን ተዉ። የእንጀራ ፍርፋሪ ይጥሉለታል። ልጁ እስከ ዛሬ አልጻፈም። እሳቸው ግን ደብዳቤ መጻፍ ጀምረዋል። የሚላክበት አድራሻ የለውም። ባለፈው ሰኞ ቆመው አነበቡልን። «ልጄ ሆይ፣ እኔ ደህና ነኝ። ቁራውም ደህና ነው። አንተስ?» ይላል።