የሐርለሙ ልብስ ሰፊና የሂፕ ሆፕ የመድረክ ልብስ
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተነገረ)



ዛሬ ስለ ልብስ እንናገራለን ስንል ፈገግ የሚል እንዳለ እናያለን። ስለ ሕግና ስለ ኤኮኖሚ መከራከር ለለመደ ተማሪ የዘፋኝ ጃኬት ምን ቁም ነገር አለው ይባል ይሆናል። ነገር ግን የጥቁር አሜሪካውያን የሂፕ ሆፕ የመድረክ ልብስ የሕግም፥ የገንዘብም፥ የክብርም ጥያቄ ያለበት ነውና ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ገና ከመነሻው ከልብስ ጋር የተያያዘ ነው። ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፥ በሴድጊክ ጎዳና በ1520 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ወጣት የጭፈራ ምሽት አዘጋጀች። ሸክላ ያጫወተው ወንድሟ ኩል ሄርክ ነው። መግቢያው ለሴቶች 25፥ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ዛሬ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ይህ ምሽት የተደገሰው፥ ሲንዲ ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰው አዲስ ልብስ መግዣ እንድታገኝ ነው። ይህን የማይረዳ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች መድረክ ላይ የሚወጡት በብረት ጌጥ ያሸበረቀ ቆዳ ለብሰው ነበር። ራን ዲ ኤም ሲ የተባሉት ሦስት የኩዊንስ ልጆች ግን በሠፈራቸው መንገድ የሚታየውን ልብስ ይዘው ወጡ፤ ጥቁር ባርኔጣ፥ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፥ ክር የሌለው አዲዳስ ጫማ። ክር አልባው ጫማ፥ እስረኛ ክሩን ከሚቀማበት ከወህኒ ቤት የመጣ ልማድ ነው ይባላል። በ1986 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ስለ ጫማቸው የሚዘፍኑበት ጊዜ ሲደርስ ሕዝቡን ጫማችሁን አንሡ አሉት፤ በሺህ የሚቆጠር ጫማ ወደ ላይ ወጣ። ይህን የተመለከተው ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ ውል ተዋዋላቸው። የወህኒ ቤት ውርደት ወደ መድረክ ጌጥ ተለወጠ፤ ጌጡም ወደ ገበያ ወረደ።

ይሁንና ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በአንድ ልብስ ሰፊ ታሪክ ነው። ዳንኤል ዴይ፥ በቅጽል ስሙ ዳፐር ዳን፥ በ1982 በሐርለም በ125ኛው መንገድ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም ነበር፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ሌሊት ይገዛልና። ዳንኤል የሉዊ ቪቶንን፥ የጉቺንና የፌንዲን ምልክት በቆዳ ላይ ማተምን ራሱ ተማረ፤ ከሴኔጋል የመጡ ሰፊዎችንም ቀጠረ፤ እነዚያ ቤቶች ያላሰቡትን ጃኬትና ካፖርት ሠራ። ራፐሮቹ፥ ቦክሰኞቹ፥ የሠፈሩም ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ደንበኞቹ ሆኑ።

በ1988 ቦክሰኛው ማይክ ታይሰን ከሱቁ ደጃፍ በሌሊት ከሌላ ቦክሰኛ ጋር ተደባደበ፤ ወሬውም የሱቁን ስም በየጋዜጣው አወጣው። ከዚያ በኋላ የኩባንያዎቹ ጠበቆች ይመላለሱበት ጀመር። ከፌንዲ ጠበቆች አንዷ፥ በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር ነበሩ። ሱቁ በ1992 ተዘጋ።

እዚህ ላይ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለን ይኖራል። ሕጉን በተመለከተ እውነት አለው፤ ምልክቱ የሌላ ሰው ንብረት ነበር፥ ይህን አንክድም። ነገር ግን ወርቁ ምልክቱ ነበር ወይስ ስፌቱ? መልሱ በ2017 መጣ። ጉቺ በዚያ ዓመት ትልቅ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ ጃኬት ለሕዝብ አሳየ፤ ጃኬቱም ዳፐር ዳን በ1980ዎቹ ለሯጯ ለዳያን ዲክሰን ከሰፋላት ጋር እጅግ ተመሳሳይ ነበር። ቁጣ በተነሣ ጊዜ ቤቱ «ለክብሩ ያደረግነው ነው» አለ። ከዚያም ከልብስ ሰፊው ጋር ተስማሙና በ2018 በሐርለም አዲስ የስፌት ቤት በራሱ በጉቺ ጨርቅ ተከፈተለት። እንግዲህ ምልክቱን የወሰደው ሱቁ ተዘጋ፤ ስፌቱን የወሰደው ቤት ግን አልተዘጋም። ሕጉ ምልክትን ያውቃል፤ እጅን አያውቅም።

የሴቶቹም ድርሻ እንደዚሁ ተሸፍኗል። ሚሲ ኤልየት በ1997 በፊልም የለበሰችውን የተነፋ ጥቁር ልብስ ያላየ ወጣት ጥቂት ነው፤ ያዘጋጀችው ጁን አምብሮዝ መሆኗን የሚያውቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። የሜሪ ጄ ብላይጅንና የሊል ኪምን መልክ የቀረጸችው ሚሳ ሂልተንም እንዲሁ ናት።

(ለእኛም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ራፐሮች በአንገታቸው ያንጠለጠሉት የአፍሪቃ ካርታ ያለበት ቆዳ ቀይ፥ ጥቁርና አረንጓዴው በ1920 የማርከስ ጋርቪ ማኅበር ካጸደቀው ሰንደቅ የመጣ ነው፤ ቢጫው ሲጨመርበት ግን በጃማይካ ራስታዎች በኩል የተሻገረው የኛው ሰንደቅ ዓላማ ነው። ኩል ሄርክም የኪንግስተን ተወላጅ ነው።)

በ2023 በኒው ዮርክ የፋሽን ትምህርት ተቋም ሙዚየም የሂፕ ሆፕን የሃምሳ ዓመት አለባበስ ለሕዝብ አሳይቷል። መልካም ነው፤ ጃኬት በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ቅርስ መሆኑ ይታመናል። እኛ ግን የምንጠይቀው፥ ከመስታወቱ ሥር በሚጻፈው ወረቀት ላይ ከለባሹ ስም ቀጥሎ የሰፊው ስም እንዲጻፍ ነው፤ ከሴኔጋል መጥተው በሌሊት ሲሰፉ ያደሩትም ጭምር።

አሁን መድረኩን ለተቃዋሚዎቻችን እንለቃለን።