የቡታጅራ ቀበሌዎች ለሐኪሞች ያስተማሩት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ሐኪም በየትም አገር ለመሥራት የሚበቃው የት ተምሮ ነው? ባሕር ማዶ የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኔ ቡታጅራን እጠራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና አካባቢዋ 10 ቀበሌዎችን መረጠ። ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ይመዘገብ ጀመር። አብዛኛው ሰው እቤቱ በሚሞትበት ገጠር የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም የለም። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው ከሐዘንተኛው ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየበት? ትንፋሽ ያጥረው ነበር? መልሱን ሐኪሞች አንብበው ምክንያቱን ይለያሉ። ሐዘን ላይ ያለን ሰው እንዲህ መጠየቅ ትዕግሥትና አክብሮት ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም።

በዚሁ መረጃ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ለዶክትሬት በቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ሲያጠናም ከኢትዮጵያ የተመረጠችው ቡታጅራ ናት።

የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች፣ ቡታጅራ ጎረቤታችሁ ናት። የመመረቂያ ጥናታችሁን ርእስ ከመምረጣችሁ በፊት እዚያ የተሠራውን አንብቡ።