በተርነት ዱባ ከማሳ እስከ ድስት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)




በተርነት የሚባለው ዱባ ለብዙ ቤተሰብ አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የተገኘ ዝርያ ሲሆን አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ ክብ፣ ቆዳው የገለባ መልክ ያለው፣ ውስጡ ብርቱካንማ ነው። ለመሥራት የማያውቁት ዱባ ጓዳ ጥግ ተቀምጦ ይበሰብሳል፤ ገበሬውም በዓመቱ አይዘራውም። እንዲህ ያለ ሰብል የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ ማሳ ላይ ሳይሆን ማድቤት ውስጥ ነው።

ቆዳው ላይ አረንጓዴ መስመር ካልቀረና ጥፍር ካልበሳው ደርሷል። ከሐረጉ ሲቆረጥ አጭር ጭራ ይተውለት፤ ጭራው የተነቀለ በዚያው በኩል ይበሰብሳል። ነፋስ በሚያገኘው ሞቃትና ደረቅ ቦታ ከ10 እስከ 14 ቀን ቢቆይ ቆዳው ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቤት ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል።

ሲከተፍ ቢላዋ ስለሚንሸራተት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው በጠፍጣፋው በኩል ይቁም፤ አንገቱና ሆዱ ተለያይተው ይላጡ። ፍሬው ያለው ሆዱ ውስጥ ብቻ ነው፤ አንገቱ ሙሉ ሥጋ ነው፣ ትርፉም እዚያ ነው። ሲላጥ የሚወጣው ፈሳሽ የአንዳንድ ሰው እጅ ያደርቃልና ቀድሞ ዘይት መቀባት ይረዳል። ወጡ እንደ ተለመደው የዱባ ወጥ ነው፤ ራሱ ውኃ ስለሚያወጣ ውኃ አይብዛበት። ዘይት ወይም ቅቤ ግን አይቅርበት፤ ብርቱካንማ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፣ ከቅባት ጋር ሲበላም ይበልጥ ይዋሃዳል። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ሕፃናትን ለዳፍንት ይዳርጋል።

ከሁሉ በላይ መራራነቱ ይፈተሽ። ድስት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ቁራጭ በምላስ ጫፍ ይቀመስ፤ ከመረረ ይተፋ፣ ዱባውም በሙሉ ይጣል። ‹ሲበስል ይለቀዋል› ማለት አይሠራም። መራራነቱን የሚያመጣው ኩከርቢታሲን የተባለ መርዝ በእሳት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ሃይደንሃይም ከተማ የጓሮ መራራ ዝኩኒ ከበሉ ባልና ሚስት ባልየው ሞተዋል።

ነገሩ ከዘር ጋር ይያያዛል። ንቦች የአንዱን ዱባ ዱቄት ወደ ሌላው ስለሚወስዱ ከማሳ የተያዘ ዘር እናቱን ላይመስል ይችላል። ፍሬው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይበላ፤ ለመዝራት ግን ከታወቀ ምንጭ ይገዛ። ዘር የሚያከፋፍሉ መሠረታዊ ማኅበራትም የመቅመሱን ነገር ዘሩን ሲሰጡ አብረው ይንገሩ። በገበያ ቀን ከመጋዘኑ ደጃፍ አንድ ድስት ሠርቶ ማቅመስ ደግሞ ከብዙ ስብሰባ ይቀላል።