የአሰልጣኝ የአመጋገብ ምክር ድንበሩ የት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሜሪካ ውስጥ የጂም አሰልጣኝ ከሆናችሁ «ምን ልብላ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይገጥማችኋል። ለመሆኑ የትኛው የሥነ ምግብ ሰርተፊኬት ያዋጣል?

በቅድሚያ፣ ሰርተፊኬትና የሙያ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ፕሪሲዥን ኒውትሪሽንና ናስም (NASM) የተባሉት ድርጅቶች የሚሰጡት ሥልጠና በኦንላይን የሚጠናቀቅ ነው፤ ስለ ፕሮቲን፣ ስለ ካሎሪና የአመጋገብ ልማድን ስለ መለወጥ ያስተምራል። የተመዘገበ ዳይቲሺያን (የሥነ ምግብ ባለሙያ) ለመሆን ግን ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የምዝገባ ፈተናው ላይ ለመቀመጥ የማስተርስ ዲግሪ ግድ ነው።

ዐቢይ ጾም የያዘች ደንበኛችሁ ፕሮቲን ከየት እንደምታገኝ ብትጠይቃችሁ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በቂ መነሻ ናቸው። ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነች ግን ጉዳዩ የሐኪምና የዳይቲሺያን ነው።

ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት የጤና አማካሪ ያለ ፈቃድ የአመጋገብ ምክር በክፍያ በመስጠቷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተቀጥታለች፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2022 እ.ኤ.አ. ሕጉን አጽንቶታል።

ስለዚህ አሰልጣኞች፣ ለሰርተፊኬት ከመክፈላችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ አንብቡ።